ጂብራን ኻሊል ጂብራን፦ የስደተኛዋ ልጅ ከብሸሪ

እሁድ ዕረፍት ካለሽና ቤይሩት መሀል ከተማ፣ ሪያድ ሶልህ አካባቢ ከወጣሽ፣ ከተባበሩት መንግሥታት ሕንፃ ፊት ለፊት ያለውን አትክልት ቦታ ሳታይው አትቀሪም። በጂብራን ኻሊል ጂብራን ስም የተሰየመ ነው። ምናልባትም በምትሠሪበት ቤት መደርደሪያ ላይ የእሱን መጽሐፍ አቧራውን ጠርገሽ መልሰሽ አስቀምጠሽው ይሆናል። ሊባኖሶች ስሙን ሲያነሱ ገጣሚ፣ ሠዓሊ፣ ፈላስፋ ይሉታል። ልክ ናቸው። እኛ ግን ዛሬ የምናወራሽ እናቱ ጨርቅ ተሸክማ የሰው በር እያንኳኳች ስላሳደገችው ልጅ ነው።

የተወለደው ጃንዋሪ 6 ቀን 1883 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የጻፍናቸው)። አገሩ ብሸሪ ትባላለች፤ በሰሜን ሊባኖስ፣ ከባሕር ወለል ከ1,400 ሜትር በላይ፣ ከቃዲሻ ሸለቆ አፋፍ ላይ ያለች ከተማ ናት። በመጽሐፍ ቅዱስ አርዘ ሊባኖስ እያልን የምንሰማው ዛፍ ከእሷ ትንሽ ከፍ ብሎ ይገኛል። በክረምት በረዶ መንገዱን ይዘጋዋል።

የዚያን ጊዜ የተራራው ሰው ኑሮ ለገጠር ልጅ እንግዳ አይደለም። ገደሉን በድንጋይ እርከን ደልድለው ነው የሚያርሱት፤ የኮንሶን እርከን ያየ ሰው ወዲያው ይገባዋል። ስንዴ፣ ወይን፣ በለስ ያበቅላሉ፤ ዝቅ ባለው ሞቃት አገር ወይራ አለ። ገንዘብ የሚያስገኘው ግን ሐር ነበር። ቱት የሚሉትን ዛፍ ይተክላሉ፣ ቅጠሉን ለሐር ትል ይመግባሉ፣ ክሩን ወደ ፈረንሳይ ይሸጣሉ። ብዙ የገጠር ሴት ልጆች ክር መፍተያ ፋብሪካ ገብተው በዝቅተኛ ደመወዝ ይሠሩ ነበር። እህል ይበቅልበት የነበረው መሬት በቱት ተሸፈነ፤ ዱቄቱ ከሌላ አገር እየተገዛ መጣ። ይህንን ነገር ያዢው፣ በኋላ እንመለስበታለን።

ምግቡን ደግሞ ከእኛ በላይ አንቺ ታውቂዋለሽ። በበጋ መጨረሻ መዳም ሙነ ስታዘጋጅ እጅሽ የሚቆስለው አንቺ አይደለሽ? ክሽክ የሚሉት፣ ቡርጉልና እርጎ ተለውሶ፣ ለቀናት ኮምጥጦ፣ ጣራ ላይ ደርቆ በእጅ እየታሸ ዱቄት የሚሆነው፣ ለክረምት የገበሬ ሾርባ ነበር። ቃውርማ ማለት በራሱ ስብ ተጠብሶ በማሰሮ የሚቀመጥ የበግ ሥጋ ነው። የወይን ዲብስ፣ የደረቀ በለስ፣ ሳጅ ላይ የተጋገረ ስስ ዳቦ። ዓላማው አንድ ነው፦ በረዶው እስኪያልፍ ቤተሰብ እንዳይራብ። የእኛ ቋንጣ፣ በሶና ድርቆሽ ከዚህ በምን ይለያል? ዛሬ ሱፐርማርኬት በውድ የሚሸጠው ክሽክ ያኔ የድሃ ስንቅ ነበር።

አባቱ ኻሊል ግብር ሰብሳቢ ነበር። ቁማርና መጠጥ ይወዳል። በ1891 ገደማ ገንዘብ አጉድለሃል ተብሎ ታሰረ፤ ንብረታቸውም ተወረሰ። እናቱ ካሚላ የቄስ ልጅ ናት። የመጀመሪያ ባሏ ብራዚል ሊሠራ ሄዶ እዚያው ሞቶባታል። ስለዚህ ስደት ምን እንደሆነ ደህና አድርጋ ታውቃለች። ባሏ በ1894 ከእስር ሲወጣ ኑሮው አልተቃናም። በ1895 አራት ልጆቿን፣ የመጀመሪያ ባሏን ልጅ ቡጥሩስን፣ የ12 ዓመቱን ጂብራንን፣ ማሪያናንና ሱልጣናን ይዛ መርከብ ተሳፈረች። ባሏ ቀረ።

ያረፉት አሜሪካ፣ ቦስተን ከተማ፣ የሊባኖስና የሶርያ ስደተኞች በሚታጨቁበት ድሃ ሰፈር ነው። ካሚላ ዳንቴልና ጨርቅ በጥቅል አዝላ ቤት ለቤት መሸጥ ጀመረች። ቋንቋ አትችልም። በር ታንኳኳለች፤ አንዱ ይከፍታል፣ አንዱ ይዘጋል። አንድ ነገር ግን ልብ በይ፦ ከፊል አልነበራትም። ጥቅሉ የራሷ፣ በሩም የራሷ፤ ገበያ ባይቀና ነገ ሌላ ሰፈር ትሄዳለች። ከዚያች ጥቅል በተጠራቀመ ሳንቲም ቡጥሩስ ትንሽ ሱቅ ከፈተ። ሴቶቹ ልጆች እዚያው ያግዙ ነበር፤ ትምህርት ቤት የተላከው ጂብራን ብቻ ነው።

እዚያ ስሙ ተበላሸ። ጂብራን ኻሊል ጂብራን የነበረው አጥሮ፣ ፊደሉም ተዛብቶ ተመዘገበ። በዚያው በተዛባው ስም ነው ዓለም የሚያውቀው። ደላላ ስምሽን ወይም ዕድሜሽን ቀይሮ ፓስፖርት ካወጣልሽ የአንቺ ነገር ከዚህ ይከፋል፤ ትክክለኛ የልደት ወረቀትሽን አገር ቤት ያለ ሰው እንዲያስቀምጥልሽ አድርጊ።

ሥዕል መቻሉ ቶሎ ታወቀ፤ የቦስተን ሠዓሊዎች አቀረቡት። ቤተሰቡ ግን አረብኛውን እንዳይረሳ በ1898 ወደ ቤይሩት ላከው፤ አሽራፊዬ ያለው ሒክማ ትምህርት ቤት ገባ። በዕረፍት ጊዜ ብሸሪ ይወጣ ነበር፤ ከአባቱ ጋር ግን አልተስማሙም።

በ1902 ወደ ቦስተን ሲመለስ የጠበቀው ለቅሶ ነው። ሱልጣና በ14 ዓመቷ በሳንባ ነቀርሳ ሞተች። በማርች 1903 ቡጥሩስ በዚያው በሽታ ተከተላት። በጁን እናቲቱ በካንሰር አረፈች። በአሥራ አምስት ወር ሦስት ሬሳ! ጠባብ ክፍል ውስጥ ተጨናንቆ የሚኖር ስደተኛ ሁሉ የሚፈራው በሽታ ነው። አንቺም ሳልሽ ከሁለት ሳምንት ካለፈ፣ ማታ ማታ ካላበሽ፣ ከከሳሽ፣ ዝም አትበዪ፣ ተመርመሪ፤ መድኃኒቱን በሥርዓት ለጨረሰ ሰው ይድናል።

የቀሩት ጂብራንና ማሪያና ናቸው። እሷ ልብስ ሰፊ ሆነች። ከመርፌዋ በሚገኘው ደመወዝ ቤት ኪራይ ተከፈለ፤ ወንድሟም ሌላ ሥራ ሳይፈልግ እየሣለና እየጻፈ ተቀመጠ። የሕይወት ታሪኩን የሚጽፉ ሰዎች ብዙ ገጽ የሚሰጡት ለሜሪ ሃስክል ነው፤ በገንዘብ ረድታው በ1908 ፓሪስ ለሥዕል ትምህርት ያስላከችው የትምህርት ቤት ኃላፊ ናት። ይገባታል፣ አንነፍጋትም። ከእሷ በፊት ግን የማሪያና መርፌ ነበር። የአንቺ ደመወዝ ስንቱን ወንድም እንዳስተማረ እኛ አንነግርሽም።

በ1911 ኒው ዮርክ ገባ። ከዚያ በኋላ ያለው የታወቀ ስለሆነ አናንዛዛውም፤ የጦርነቱን ዘመን ግን ማለፍ አይቻልም።

በ1915 የጸደይ ወራት አንበጣ ሊባኖስን ወረረ። እህሉንም ቅጠሉንም ጨረሰው። የአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ነው፤ የእንግሊዝና የፈረንሳይ መርከቦች ባሕሩን ዘግተዋል፣ የኦቶማን ጦር ደግሞ እህሉንና ከብቱን ለወታደር ይወስዳል፣ ነጋዴው ዱቄት ይደብቃል። ቱት የተከለው ገበሬ የሚሸጠው ሐር አለው፣ ገዢ የለም፤ ስንዴ ደግሞ የለውም። ከሁሉም በላይ ከአሜሪካ ይመጣ የነበረው የስደተኛ ገንዘብ ተቋረጠ። ብዙ ቤት በዚያ ገንዘብ ነበር የሚተዳደረው። በ2020 ዶላር ጠፍቶ ወደ አገር መላክ ያቃተሽ እንደሆነ ያን ስሜት ታውቂዋለሽ፤ ላኪውም ተቀባዩም እኩል ይታመማል። እስከ 1918 ድረስ በረሃብና ረሃቡን በተከተለው ተስቦ ወደ 200,000 የሚጠጋ ሰው እንዳለቀ ይገመታል፤ የተራራው ሕዝብ በሙሉ 400,000 ያህል ነበር። ከዚያ ትንሽ ቀደም ብሎ፣ ከ1888 እስከ 1892፣ እኛም ክፉ ቀን የምንለውን አይተናል። የእኛን በሬ የጨረሰው በሽታ ነው፤ በሬ ከሌለ ማን ያርሳል?

ጂብራን ከሩቅ ሆኖ ወገኑ ሲያልቅ መስማቱ አሳበደው። እሱ ጠግቦ እየበላ እነሱ መሞታቸው ያሳፍረው እንደነበር በጻፈው ሁሉ ይታያል። በ1916 በኒው ዮርክ የተቋቋመው የእርዳታ ኮሚቴ ጸሐፊ ሆኖ ገንዘብ መለመን ያዘ። የተሰበሰበው እርዳታ በዓመቱ መጨረሻ በመርከብ ተላከ፤ መርከቡ ግን ቤይሩት ወደብ እንዲገባ አልተፈቀደለትም።

ነቢዩ የተባለው መጽሐፉ በ1923 ታተመ፤ በብዙ ቋንቋ ተተረጎመ፣ በሚሊዮን ተሸጠ። እሱ ግን ያንን ያህል አላየም። መጠጥ ጉበቱን በላው፤ አባቱን የጎዳው ነገር እሱንም አልማረውም። ኤፕሪል 10 ቀን 1931 በ48 ዓመቱ ኒው ዮርክ ሞተ። በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ አስከሬኑ ቤይሩት ወደብ ደረሰ፣ በሰልፍ ታጅቦ ወደ ብሸሪ ወጣ። በስደት የሞተ ሰው አስከሬን አገሩ መግባቱ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ለእኛ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ማሪያናና ሜሪ ሃስክል የማር ሰርኪስን ገዳም ገዝተው መቃብሩ እዚያ ሆነ። ዛሬ ሙዚየም ነው።

የመጽሐፉን ገቢ ለትውልድ ከተማው ተናዝዟል። ብሩ ሲበዛ ጠቡም በዛ፤ የብሸሪ ቤተሰቦች በገንዘቡ ለዓመታት ተካሰዋል።

መሄድ ከፈለግሽ ከዳውራ ወደ ሰሜን የሚሄዱ ቫኖች አሉ። በማለዳ ውጪ፣ ሹራብ ያዢ፣ ተራራው ይበርዳል። መንገዱ ላይ የጦር ሠራዊት ኬላ ስላለ ኢቃማሽን ሳትይዢ እንዳትወጪ።