አበበ ቢቂላና ሐሳብን የመሰብሰብ ኃይል

ከየካ ወደ ሰሜን ቀና ብሎ ለሚመለከት ሰው የእንጦጦ ተራራ ይታየዋል። ከባሕር ጠለል በላይ ከ3000 ሜትር የሚበልጠው ይህ ከፍታ ለብዙ ዘመን የሯጮች ትምህርት ቤት ሆኖ ኖሯል። በዚያ ከሠለጠኑት ሁሉ ስሙ ቀድሞ የሚነሣው ሻምበል አበበ ቢቂላ ነው። ስለ እግሩ ብርታት ብዙ ተነግሯል፤ በዚህ አጭር ጽሑፍ ግን በጭንቅ ሰዓት ሐሳቡን እንዴት ይሰበስብ እንደ ነበር ለመናገር እንወዳለን።

አበበ ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. በሸዋ በጃቶ መንደር ተወለደ። በልጅነቱ እንደ ባላገር ልጅ ሁሉ ከብት ጠበቀ። ኋላም አዲስ አበባ መጥቶ የክቡር ዘበኛ ወታደር ሆነ። በዚያ ስዊድናዊው አሠልጣኝ ኦኒ ኒስካነን በእንጦጦና በሱሉልታ ኮረብቶች ያሠለጥነው ጀመር። በስስ አየር መሮጥ ሳንባን ያጠነክራል። ከዚህም በላይ ትንፋሹን ያላዳመጠና እርምጃውን ያልመጠነ ሰው ዳገቱን አይዘልቀውምና፣ ተራራው ልብን ሰብስቦ መሮጥን ያስተምራል።

የዚህ ትምህርት ፈተና ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ በሮማ ኦሊምፒክ መጣ። አዲሱ ጫማ ስላልተስማማው አበበ በባዶ እግሩ ተሰለፈ። ተጠንቀቀው የተባለው ሯጭ የሞሮኮው ራዲ ቤን አብደሰላም ሲሆን፣ 26 ቁጥር ለብሶ ይሮጣል ተብሎ ነበር። ራዲ ግን 185 ቁጥር ለብሶ ወጣ። አበበ 26 ቁጥርን በዓይኑ ቢፈልግ አጣው። በዚህ ጊዜ ተደናግጦ ያለ መጠን ቢፈጥን ኃይሉን በከንቱ በጨረሰ ነበር። እርሱ ግን ማንነቱን ካላወቀው ባለ 185 ቁጥር ጋር ትከሻ ለትከሻ ሆኖ አካሄዱን ጠበቀ። አስቀድሞ መንገዱን ሲጎበኝ፣ በ1929 ዓ.ም. ከአገራችን ተወስዶ በዚያ የቆመውን የአክሱም ሐውልት ምልክት አድርጎት ነበር። ከሐውልቱ ዘንድ ሲደርስ ፍጥነቱን ጨምሮ ተለየው። 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትሩን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ፈጽሞ፣ ራዲን በ25 ሰከንድ ቀድሞ አሸነፈ። ሐውልቱም በ1997 ዓ.ም. ወደ አገሩ ተመልሷል።

ጭንቀት የሰውን ሐሳብ በእጁ ወደሌለው ነገር ይጎትታል፤ ወደ ተመልካቹ፣ ወደ ተወዳዳሪው፣ ወደ ሽንፈት ፍርሃት። አበበ ግን ሐሳቡን በእጁ ባለው ነገር ላይ፣ በትንፋሹ፣ በእርምጃውና በመረጠው ምልክት ላይ አኖረ።

ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ፣ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት ስድስት ሳምንት ሳይሞላ፣ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ዳግመኛ አሸነፈ። በኦሊምፒክ ማራቶን ሁለት ጊዜ በማሸነፍም የመጀመሪያው ሰው ሆነ። በ1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ ግን እግሩን ታሞ ከ17 ኪሎ ሜትር ገደማ በኋላ አቋረጠ፤ ድሉንም ጓደኛው ማሞ ወልዴ ወሰደው።

በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር በደረሰበት የመኪና አደጋ እግሮቹ ሽባ ሆኑ። እንግሊዝ አገር በስቶክ ማንደቪል ታከመ። ዓለምን ያስደነቁት እግሮች ከተወሰዱ በኋላ ምን ቀረው? በ1962 ዓ.ም. በዚያው ስፍራ በተደረገው የአካል ጉዳተኞች ውድድር በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ ቀስት ይዞ ተሰለፈ። ቀስተኛ እጁን አጽንቶ፣ ትንፋሹን ገትቶ፣ ዓይኑን ከዒላማው ሳይነቅል ይጠብቃል። አደጋው እግሩን ቢወስድበትም፣ በተራራው ላይ የለመደው ሐሳብን የመሰብሰብ ኃይል አብሮት ነበር። አበበ ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ ዐረፈ።

ወጣት ተማሪዎች ሆይ! ሁላችንም እንደ አበበ ሯጭ አንሆንም። ነገር ግን ሁላችንም በፈተና ወንበር እንቀመጣለን። በዚያች ሰዓት ጓደኛችን ስንተኛው ገጽ ላይ እንደ ደረሰ ማየቱን ትተን፣ በፊታችን ያለውን አንዱን ጥያቄ በሙሉ ልብ እንሥራ። ይህም በአንድ ሌሊት የሚገኝ አይደለምና፣ ልምምዱን ከዛሬው ጥናታችን እንጀምር።