በጆሮዬ ያነበብኩት መጽሐፍና የማላውቃቸው ደራሲ

በኑዛዜ ልጀምር። ፍቅር እስከ መቃብርን አንብበሃል ወይ ተብዬ በተጠየቅኩ ቁጥር፣ አዎ ስል ኖሬያለሁ። ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ብያለሁ፣ ለሥራ ቃለ መጠይቅ ቀርቤ ብያለሁ፣ አንዴ ደግሞ ልጅቷ ደስ እንዲላት ብዬ ብያለሁ። እውነቱን ልናገርና፣ መጽሐፉን አንድም ቀን ገልጬው አላውቅም ነበር። የሰማሁት ነው። በስልኬ፣ በጆሮ ማዳመጫ፣ ከአየር ጤና ተጂ በሚመላለስ ሚኒባስ ውስጥ፣ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ።

ተጂን ለማታውቁ፣ በጅማ መንገድ ላይ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ስትወጡ ዓለም ገናን፣ ሰበታን፣ ተፍኪን አልፋችሁ ታገኟታላችሁ። ዙሪያዋ የበቾ ሜዳ ነው፤ ከክረምት በኋላ ዓይን እስኪደክም ጤፍ። ሰበታ ላይ የጭነት መኪናው ከተደረደረ መንገዱ ያልቃል ብላችሁ አትጠብቁ። እኔ በኢኮኖሚክስ ተመርቄ ቋሚ ሥራ ስላላገኘሁ፣ እዚህም እዚያም እየጻፍኩ፣ በዚህ መንገድ ስመላለስ ሰዓቱን የሚገድልልኝ ጆሮዬ ነው። የሸገር ኤፍኤምን መቆያ ስንቴ እንደሰማሁ አልቆጠርኩም። ከዚያ በኋላ የመጡትን ፖድካስቶችም እንደዚያው፤ ታሪክ የሚተርኩትን፣ መጽሐፍ የሚያነቡትን፣ ስለ ዘፈንና ስለ ፊልም የሚያወሩትን፣ ሁሉንም።

እንዲህ ሲሰማ የከረመ ሰው አንድ ቀን እኔስ ምን ያንሰኛል ማለቱ አይቀርም። አልኩ። ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ሆነን ፖድካስት ጀመርን። ስቱዲዮአችን የኔ ክፍል ነው። የባጃጁን ጩኸት ለመቀነስ ጋቢ ተከናንበን እንቀዳለን፤ መብራት ሲጠፋ ስልኩ ባትሪ እስካለው ድረስ እንቀጥላለን። አንዱን ክፍል ስለ ፍቅር እስከ መቃብር ሠራነው። አርባ ደቂቃ። በዛብህን አወራን፣ ሰብለ ወንጌልን አወራን፣ ጉዱ ካሳን አወራን። ጥሩ የሆነልን መስሎን ነበር።

ያን ክፍል ቤት ውስጥ ከፍቼ ለአያቴ አሰማኋት። አኮ ነው የምንላት። አፏን የፈታችው በኦሮምኛ ነው፤ አማርኛዋ ከገበያና ከሬዲዮ የለቀመችው ነው፤ ፊደል አልቆጠረችም። ግን ፍቅር እስከ መቃብርን ከኔ በላይ ታውቀዋለች። በደርግ ጊዜ ሰፈሩ ውስጥ ሬዲዮ ያለው አንድ ቤት ነበር፤ ትረካው ሲደርስ ሴቱም ወንዱም እዚያ ይሰበሰብ ነበር አሉ። ስለ ጉዱ ካሳ ስትናገር የሞተ ጎረቤቷን የምታነሳ ነው የሚመስለው። አርባውን ደቂቃ ዝም ብላ ሰማችና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ። ይህን ሁሉ የጻፈው ሰውዬ የማን ልጅ ነው? ይህን ሁሉስ የት አየው?

እኔ በአርባ ደቂቃ ውስጥ ስለ ደራሲው ያልኩት ሁለት ዓረፍተ ነገር ነው። ዲፕሎማት ነበሩ፣ ታላቅ ደራሲ ነበሩ፤ አለቀ። አፈርኩ። ከዚያን ቀን በኋላ ነው ሰውዬውን መፈለግ የጀመርኩት።

ሀዲስ አለማየሁ በጥቅምት 1902 ዓ.ም ጎጃም፣ ደብረ ማርቆስ አካባቢ፣ እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት በምትባል ሥፍራ ተወለዱ። አባታቸው ካህን ነበሩ። ልጅነታቸው በቤተ ክህነት ትምህርት አለፈ፤ ደብረ ኤልያስ፣ ደብረ ወርቅ፣ ዲማ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም፤ ብዙዎቻችን እየዘለልነው የምናልፈው ቦታ ነውና። የቅኔ ቤት ትምህርት የጆሮ ትምህርት ነው። ተማሪው ቅኔውን በሐሳቡ ይቆጥራል፣ በቃሉ ይዞ መምህሩ ፊት ይዘርፋል፣ መምህሩ ሰምቶ ያቃናል። ወረቀት የለም። እኚህ ሰው ከአምስት መቶ ገጽ በላይ የሆነ ልብ ወለድ ከመጻፋቸው በፊት ቃል በጆሮ ሲመዘን ያደጉ ናቸው። በዛብህ የቆሎ ተማሪ ሆኖ የምናገኘው በአጋጣሚ አይደለም። ሀዲስ ያንን ኑሮ ከውስጡ ነው የሚያውቁት።

ከዚያ አዲስ አበባ መጡ። በስዊድን ሚሲዮንና በተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤቶች ዘመናዊውን ትምህርት ቀመሱ፤ ገና በወጣትነታቸው ቴአትርም ጽፈዋል። ወደ ጎጃም ተመልሰው አስተማሩ። እዚህ ድረስ የአንድ ጎበዝ ወጣት ተራ ታሪክ ነው።

ቀጥሎ ጣሊያን መጣ። ሀዲስ የጎጃም ገዢ ከነበሩት ከራስ እምሩ ጦር ጋር ሰሜን ዘመቱ፣ ሽሬ ግንባር። ሽሬ ላይ ጦሩ ተፈታ። ንጉሠ ነገሥቱ ከአገር ሲወጡ ራስ እምሩ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ጎሬ አቀኑ፤ ሀዲስም አብረው። ከጎሬ ወደ ደቡብ እየተዋጉ ወረዱ። በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም ጎጀብ ወንዝ ላይ በጣሊያን ጦር ተከበው ተማረኩ።

ጎጀብ የት እንዳለ ካርታ ላይ ስፈልግ ደነገጥኩ። በራችን ላይ የሚያልፈው መንገድ ነዋ! የጅማን መንገድ ይዛችሁ ተጂን፣ ቱሉ ቦሎን፣ ወሊሶን አልፋችሁ፣ ጅማ ደርሳችሁ፣ ወደ ቦንጋ ስትቀጥሉ ጎጀብን ትሻገራላችሁ። እኔ በየሳምንቱ ሚኒባስ ጠብቄ የምሳፈርበት አስፋልት መጨረሻው እዚያ ይወስዳል። ስለ ደራሲው ፖድካስት ስሠራ ይህን አላውቅም ነበር።

ሌላም ያስደነገጠኝ ነገር ዕድሜያቸው ነው። ሲማረኩ ሃያ ሰባት ዓመታቸው ነበር፤ የኔ እኩያ በሉት። እኔ በዚህ ዕድሜ ኢንተርኔቱ ሲንቀራፈፍ ሕይወቴ ተበላሸ የምል ሰው ነኝ። እሳቸው ወደ ጣሊያን ተጋዙ። ፖንዛ በምትባል ደሴት፣ ቀጥሎም ሊፓሪ ላይ ታሰሩ። ሰባት ዓመት። ታሪክ አንዳንዴ ቀልደኛ ነው፤ በ1935 ዓ.ም ሐምሌ ላይ ሞሶሎኒ ራሱ ከሥልጣን ተሽሮ ሲታሰር ካረፈባቸው ቦታዎች አንዷ ያችው ፖንዛ ነበረች። ሀዲስ በተባበሩት ኃይሎች ነፃ ወጥተው አገራቸው የገቡት 1936 ዓ.ም ነው። ሠላሳ አራት ዓመታቸው። ስለ ጦርነቱና ስለ እስሩ በኋላ ትዝታ በሚል መጽሐፍ ጽፈውታል፤ የታተመው ግን በ1985 ዓ.ም ነው። ግማሽ ምዕተ ዓመት በሆዳቸው ይዘውት ኖሩ ማለት ነው።

ከእስር በኋላ ያለው የሹመት ታሪክ ረጅም ነው፤ በአጭሩ ልለፈው። ኢየሩሳሌም ቆንስል፣ ዋሽንግተን ዲፕሎማት፣ ኒው ዮርክ በተባበሩት መንግሥታት የኢትዮጵያ መልዕክተኛ፣ ለንደን አምባሳደር፣ የትምህርት ሚኒስትር፣ የፕላንና ልማት ሚኒስትር፣ በመጨረሻም የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባል። የፕላንና ልማት ሚኒስትር የሚለው ላይ ስደርስ ሳቄ መጣ። ኢኮኖሚክስ ስማር ስለ ልማት ዕቅድ ስንት ፈተና ተፈትኛለሁ! የፍቅር እስከ መቃብር ደራሲ በዚያ ወንበር ተቀምጠው እንደነበር ግን አልሰማሁም።

በዚህ ሁሉ መሃል ይጽፋሉ። በ1948 ዓ.ም ተረት ተረት የመሠረት ወጣ፤ ስሙ እንደሚለው ከአፍ ወደ ወረቀት የመጣ ነገር ነው። ዋናው መጽሐፍ ደግሞ በ1958 ዓ.ም። ሀምሳ ስድስት ዓመታቸው ነበር። ጊዜ አለፈብኝ ለምንል ወጣቶች ይህች ቁጥር ጥሩ መድኃኒት ናት።

መጽሐፉን የፍቅር ታሪክ ብቻ አድርገን ስናወራው የምናጣው ነገር አለ። እኔና ጓደኛዬ በፖድካስቱ ያጣነው ይሄንን ነው። ፊታውራሪ መሸሻ ከገበሬዎቹ ጋር የተጣሉበትን አስታውሱ። ጠቡ የግብር ጠብ ነው። ባላባቱ ከልማዱ በላይ ልውሰድ ይላል፣ አበጀ በለው ይነሳል፣ ገበሬው እምቢ ይላል። የጉዱ ካሳ እብደትም ሌላ ምንም አይደለም፤ የዘር ኩራቱንና የልማዱን እስር በአደባባይ ስለሚናገር ነው እብድ የተባለው። ይህ የወጣው የመሬት ላራሹ ሰልፍ በ1957 ዓ.ም አዲስ አበባ ላይ በተደረገ ማግስት ነው። ልዩነቱ፣ ሀዲስ ተማሪ አይደሉም። የንጉሡ አምባሳደርና ሚኒስትር የነበሩ ሰው ናቸው። ደሞዝ ከሚከፍላቸው ሥርዓት ውስጥ ሆነው ሥርዓቱ ከሥሩ ምን እንደሚመስል ጻፉ። በጤፍ አገር ያደገ ሰው ይህን ክፍል ሲያነብ ዝም ብሎ አያልፈውም። አኮም ከመጽሐፉ ሁሉ አብዝታ የምታነሳው የገበሬዎቹን ነገር እንደሆነ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

አሁን ወደ ድምፁ ልመለስ። ሀዲስ ሲጽፉ የአንባቢው ምላስ ግድ ይላቸው ነበር። ድምፃቸው አንድ የሆነ ሞክሼ ፊደሎች አንዳቸው ብቻ ይበቃሉ ባይ ነበሩ፤ የራሳቸውን ስም እንኳ በሀሌታው ሀ ነው የሚጽፉት። ጠብቆ የሚነበበውንም ፊደል ከላዩ ነጥብ አድርገው ለዩት፤ አንባቢ አላልቶ እንዳያበላሸው። ገጽ ላይ ሆነው አነባበቡን ያቃኑ ነበር፤ እንደ ቅኔ መምህር።

ከዚያ ወጋየሁ መጣ። ወጋየሁ ንጋቱ የመድረክ ተዋናይ ነው። በኢትዮጵያ ሬዲዮ፣ ከመጻሕፍት ዓለም በተባለው ዝግጅት፣ መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር ተረከው። ለእያንዳንዱ ሰው ድምፅ ሰጠው፤ ለፊታውራሪው ጉራውን፣ ለጉዱ ካሳ ምሬቱን፣ ለሴቶቹ እርጋታቸውን። መጽሐፍ ገዝቶ ማንበብ የማይችለው፣ ወይም እንደ አኮ ማንበብ የማይችለው ሕዝብ መጽሐፉን በዚያ በኩል አገኘው። እኛ ፖድካስትን ትናንት የመጣ ነገር እናስመስለዋለን እንጂ፣ ሰዎች ሰዓት ጠብቀው፣ ተሰብስበው፣ የሚቀጥለውን ክፍል በጉጉት እየጠበቁ ረጅም ታሪክ የሰሙበት ዘመን ነበር። የዛሬው ልዩነት ስልኩ ኪስ ውስጥ መግባቱና ሁላችንም ለየብቻችን መስማታችን ነው።

ሀዲስ የኋላ ዘመናቸውን በጽሑፍ አሳለፉት። በ1966ቱ ለውጥ ጊዜ የጠቅላይ ሚኒስትርነት ሥልጣን ቀርቦላቸው አልተቀበሉም። ስንቱ ሰው ለዚያ ወንበር ስንት ይሆናል! እሳቸው ብዕራቸውን ይዘው ተቀመጡ። ወንጀለኛው ዳኛ በ1974፣ የልምዣት በ1980፣ ትዝታ በ1985 ዓ.ም ወጡ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ሰጣቸው። ኅዳር 26 ቀን 1996 ዓ.ም በዘጠና አራት ዓመታቸው አረፉ። ዛሬ በደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ የባህል ጥናት ተቋም በስማቸው አለ።

እንግዲህ አያቴ የጠየቀችኝ ጥያቄ መልሱ ይሄ ነበር። የት አየው? ቅኔ ቤት አየው፣ ሽሬ አየው፣ ጎጀብ አየው፣ ፖንዛ አየው፣ ቤተ መንግሥት ደጅ አየው። እኔ ይህን ሁሉ ዲፕሎማት ነበሩ በሚል አንዲት ቃል ጠቅልዬ አለፍኩት። ለምን? ፍቅሩና ሞቱ ሰሚ ያመጣላ! ሰባት ዓመት እስር አድማጭ ያሰለቻል ብዬ ፈራሁ። ታሪክ የምንተርክ ልጆች ብዙዎቻችን ይሄ በሽታ አለብን። አድማጩ እንዳይዘጋን ስንል የሚያስጮኸውን እንመርጣለን፤ ሰውየውን ሰው ያደረገውን ረጅሙንና ዝግ ያለውን ዘመን እንቆርጠዋለን። በኢኮኖሚክስ ቋንቋ፣ ገበያ የሚፈልገውን አቀረብን ማለት ነው። ግን አኮም ገበያ ናት፤ የፈለገችው የተቆረጠውን ነበር።

ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ከአሮጌ መጽሐፍ ነጋዴ ተከራክሬ ገዛሁና በዓይኔ አነበብኩት። ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። የወጋየሁ ድምፅ ከጭንቅላቴ አልወጣም፤ እያንዳንዱን ገጽ ሳነብ እሱ አብሮኝ ያነባል። አልጠላሁትም።

ከዚያ ከጓደኛዬ ጋር ጋቢያችንን ተከናንበን ክፍሉን እንደገና ቀዳነው። ከበዛብህ አልጀመርንም። ከጎጀብ ወንዝ ጀመርን፣ ከተማረከው የሃያ ሰባት ዓመት ልጅ። የድሮውን ክፍል አንድ ሺህ ያህል ሰው ሰምቶት ነበር፤ ይሄኛው ግማሹንም አላገኘም። ይሁን።

ለአኮ ከፈትኩላት። ደሴቷ ላይ ሲደርስ አቁም አለችኝ። ስንት ዓመት እንደታሰሩ በኦሮምኛ ደግሜ ነገርኳት። ጭንቅላቷን ነቀነቀች፤ ከዚያ ከእስሩ መጀመሪያ መልሰህ አሰማኝ አለች።