ባሪያ ነጋዴ የነበረው ቄስ ጆን ኒውተን

እግዚአብሔርን ያገኘ ሰው ኑሮው ይለወጣል ሲባል ዘወትር እንሰማለን። ይህ ነገር በተነሣ ቁጥር ቶሎ የሚታሰበን በደማስቆ መንገድ ላይ ብርሃን የወረደበት ሳውል ነው። ሆኖም መለወጥ ሁሉ እንደ መብረቅ ፈጣን አይደለም። ዛሬ ታሪኩን ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው እንግሊዛዊው ጆን ኒውተን እግዚአብሔርን ያገኘው በአንድ የማዕበል ቀን ነው፤ የገዛ ሥራውን ክፋት ተረድቶ በአደባባይ እስኪናገር ድረስ ግን አርባ ዓመት ፈጅቶበታል።

ኒውተን እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1725 ዓ.ም. በሎንዶን ከተማ ተወለደ። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታትም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። አባቱ የንግድ መርከብ አዛዥ ነበረ። እናቱ እግዚአብሔርን የምትፈራ ሴት ስለ ነበረች ገና በሕፃንነቱ ንባብና ጸሎት አስተማረችው፤ ነገር ግን ሰባት ዓመት ሳይሞላው በሳምባ ነቀርሳ ሞተችበት። በአሥራ አንድ ዓመቱ ከአባቱ ጋራ ወደ ባሕር ወጣ። ጎልማሳ ሲሆንም የእናቱን ትምህርት ጥሎ በሃይማኖት የሚዘብት፣ ሌሎችንም ከእምነታቸው የሚያናውጥ ሰው ሆነ።

በ1744 ዓ.ም. በግዳጅ ተይዞ ወደ ጦር መርከብ ገባ። ከዚያም ሲኰበልል ስለ ተያዘ በመርከበኞች ፊት ተገርፎ ከማዕረጉ ወረደ። ኋላም ወደ ምዕራብ አፍሪካ በምትሄድ የንግድ መርከብ ተሳፍሮ በሴራሊዮን አጠገብ ካሉት ደሴቶች በአንዲቱ ላይ ለአንድ ነጭ ባሪያ ነጋዴ አገልጋይ ሆኖ ገባ። በዚያም ታመመ፤ ተራበ፤ ልብሱም በላዩ አለቀ። በዚህ ጊዜ ካዘኑለት ሰዎች መካከል በሰንሰለት የታሰሩት ባሮች ይገኙባቸው ነበር፤ ከጥቂቷ ምግባቸው ቀንሰው በስውር ያቀብሉት ነበር። ይህን ነገር አንባቢ ልብ እንዲልልን እንለምናለን፤ በኋላ እንመለስበታለንና።

አባቱ ልጁን ፈልገው እንዲያመጡለት መርከበኞችን ለምኖ ስለ ነበር ግሬይሃውንድ የምትባል መርከብ አግኝታ ወሰደችው። በጉዞው ላይ የስድቡ ብዛት መርከበኞቹን እንኳ ያስደነግጥ ነበር። በ1748 ዓ.ም. ማርች 10 ቀን ግን ኃይለኛ ማዕበል የመርከቢቱን ጎን ሰብሮ ውሃ ሞላባት። ኒውተን ከተኛበት ተነሥቶ ወደ ላይ ሊወጣ ሲል አዛዡ ቢላዋ እንዲያመጣ መለሰው፤ በእሱ ፈንታ የወጣውን መርከበኛ ወዲያው ባሕሩ ጠርጎ ወሰደው። ኒውተን ከባልደረቦቹ ጋራ ውሃውን በፓምፕ ሲያወጣ ቆየ፤ ጉልበቱ ሲደክምም የመርከቢቱን መሪ ይዞ እስከ እኩለ ሌሊት ቆመ። በዚያ ሁሉ ጭንቀት መካከል የእግዚአብሔርን ምሕረት የሚለምን ቃል ሳያስበው ከአፉ አመለጠው። ወዲያውም እንደ እሱ ላለ ተሳዳቢ ምሕረት የሚገኝ እንደ ሆነ ተጠራጥሮ ደነገጠ። መርከቢቱ የጫነችው የንብ ሰምና ቀላል እንጨት ስለ ነበረ ሳትሰጥም ቀረች፤ አራት ሳምንት ያህል በረኀብ ከተንገላታች በኋላም ከአየርላንድ ሰሜናዊ ዳርቻ ደረሰች። አዛዡ በመከራው ጊዜ ኒውተንን እንደ ዮናስ ይቈጥረው ነበር ይባላል፤ በእውነትም የኒውተን ነገር ከዮናስ ብዙ የራቀ አልነበረም። ያን ቀን እስከ ዕድሜው መጨረሻ ድረስ በየዓመቱ በጸሎትና በምስጋና ያስበው ነበር።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ለሰሚው ደስ ባሰኘ ነበር። ነገር ግን ኒውተን መሳደቡንና መዘበቱን ቢተውም የባሪያውን ንግድ አልተወም። ይልቁንም በ1750 ዓ.ም. በልጅነቱ የወደዳትን ሜሪ ካትሌትን አግብቶ በዚያው ዓመት የባሪያ መርከብ አዛዥ ሆነ፤ እስከ 1754 ዓ.ም. ድረስም ሦስት ጊዜ ወደ አፍሪካ ተመላለሰ። እሑድ እሑድ መርከበኞቹን ሰብስቦ ያስጸልይ ነበር፤ ከእግሩ በታች በመርከቢቱ ሆድ ውስጥ ግን ሰዎች በሰንሰለት ታስረው ይተኙ ነበር። ለዐመፅ ተዘጋጅተዋል ብሎ የጠረጠራቸውን ልጆች አውራ ጣታቸውን በብረት መጭመቂያ እያስያዘ እንደ መረመረ በገዛ እጁ በመዝገቡ ጽፎ ትቶልናል። በረኀቡ ጊዜ ያበሉት እነዚህን የመሰሉ እስረኞች መሆናቸው ትዝ አላለውም።

በወንጌል በቤተ ሳይዳ የተፈወሰው ዕውር ጌታ በመጀመሪያ ሲዳስሰው ሰዎች እንደ ዛፍ ሆነው ታዩት፤ ዳግመኛ ሲዳስሰው ግን አጥርቶ አየ። ኒውተንም በመጀመሪያው መዳሰስ እግዚአብሔርን አየ፤ ሰዎቹን ግን ገና እንደ ሸቀጥ ያያቸው ነበር።

በ1754 ዓ.ም. ሌላ ጉዞ ሊጀምር ሲሰናዳ ድንገት ሕመም ጣለው፤ ሐኪሞችም ወደ ባሕር እንዳይወጣ መከሩት። እንግዲህ ከንግዱ ያወጣው ሕመም እንጂ ጸጸት አልነበረም። ከዚህ በኋላ በሊቨርፑል ወደብ የጉምሩክ ሹም ሆኖ እየሠራ የግሪክና የዕብራይስጥ ቋንቋ አጠና። ቅስና ለመቀበል ብዙ ዓመት ደጅ ከጠና በኋላ በ1764 ዓ.ም. ተሹሞ ኦልኒ በምትባል ትንሽ ከተማ ማገልገል ጀመረ። ምእመናኑ ባብዛኛው ድኾች ነበሩ። ከባለቅኔው ከዊልያም ኩፐር ጋራ ሆኖም 348 መዝሙሮች ያሉበትን መጽሐፍ በ1779 ዓ.ም. አሳተመ። ዛሬ በዓለም ሁሉ የታወቀው ስለ አስደናቂው ጸጋ የሚናገረው መዝሙር ከነዚሁ አንዱ ነው።

ከ1780 ዓ.ም. ጀምሮ በሎንዶን አንድ ቤተ ክርስቲያን ሲያገለግል ሳለ በ1785 ዓ.ም. ዊልያም ዊልበርፎርስ የተባለ ወጣት የፓርላማ አባል ምክር ሊጠይቀው መጣ። ወጣቱ በሃይማኖት ነገር ልቡ ስለ ተነካ ፖለቲካውን ለመተው ያስብ ነበር። ኒውተን ግን በዚያው በተቀመጠበት ቦታ እግዚአብሔርን እንዲያገለግል መከረው። ዊልበርፎርስ በፓርላማ ቈይቶ የባሪያን ንግድ የሚቃወሙት ሰዎች መሪ ሆነ።

በ1788 ዓ.ም. ኒውተን ራሱ ዝምታውን ሰበረ። ስለ አፍሪካ የባሪያ ንግድ ትንሽ መጽሐፍ አሳትሞ ሰዎቹ መገላበጫ እንኳ አጥተው ጎን ለጎን ተደርድረው እንደሚጫኑ፣ በጉዞም ብዙዎች እንደሚያልቁ ገለጠ። ሌላው የሰማውን ሲናገር እሱ በእጁ የሠራውን ተናገረ። ንግዱን በመቃወም ዘግይቶ መነሣቱንም ሳይሸሽግ፣ በዚያ ሥራ መካፈሉ ለዘለዓለም የሚያሳፍረው መሆኑን ጻፈ። ለመንግሥቱ ሹማምንትና ለፓርላማውም ምስክርነቱን ሰጠ።

የእንግሊዝ ፓርላማ የባሪያን ንግድ የሚከለክለውን ሕግ ያጸደቀው በ1807 ዓ.ም. ነው። ዓይኑ የደከመው ሽማግሌ ይህን ለመስማት ደርሶ በዚያው ዓመት ዲሴምበር 21 ቀን በ82 ዓመቱ ዐረፈ። ለመቃብሩ የሚሆነውን ጽሑፍ አስቀድሞ ያዘጋጀው ራሱ ነበር፤ በዚያም ላይ ቀድሞ ከሐዲ እንደ ነበረና በአፍሪካ ለባሮች አገልጋይ እስከ መሆን ወርዶ እንደ ነበር ጽፎአል።

ከዚህ ሰው ታሪክ የምንማረው በጸሎት የተገኘው ለውጥ በሥራ እስኪገለጥ ድረስ መድከም የሚያስፈልግ መሆኑን ነው። የኒውተን ንስሓ ፍሬ ያፈራው በመርከቢቱ መሪ ላይ በቆመበት ቀን ሳይሆን፣ በሰንሰለት የታሰረው ሰው ወንድሙ መሆኑን ተረድቶ ስለ እሱ በተናገረ ጊዜ ነው። ምሕረትን ተቀብለናል የምንል ሁሉ በጸሎት ከቆምንበት ወለል በታች ማን ታስሮ እንዳለ ዝቅ ብለን ልናይ ይገባናል።