ሻምበል አበበ ቢቂላ፦ ከሮም እስከ ስቶክ ማንዴቪል

ሸዋ ሮቢት ተወልዶ ያደገ ተማሪ ስለ አበበ ቢቂላ ልጻፍ ሲል ምን አገባህ ሊባል ይችላል። የይፋት ቆላ ሯጭ አያበቅልም ይባላላ! የሮቢት ሜዳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፤ ሽንኩርትና ማንጎ፣ ማሾና ማሽላ ያበቅላል። ከዚያ በደሴው መንገድ ደብረ ሲናንና ጣርማ በርን ወጥቶ ደብረ ብርሃን የደረሰ ሰው 2,800 ሜትር ላይ ይቆማል። አየሩ ስስ ነው፤ ሰውነትም ያነሰውን ኦክስጅን ለማካካስ ቀይ የደም ሴል ያበዛል። ይህን ሁላችንም በፊዚዮሎጂ ክፍለ ጊዜ ተምረነዋል። እኔን ግን ወደዚህ ጽሑፍ ያመጣኝ ከፍታው ሳይሆን መንገዱ ነው። ከሮቢት አዲስ አበባ ስንመላለስ ሸኖን እናልፋለን። የአበበ መኪና የተገለበጠችው በዚያ አካባቢ ነው። በአውቶቡስ ውስጥ ይህን ሲያነሣ የሰማሁት ሰው የለም። ሮምንና ቶኪዮን ግን ሁሉም ያውቃል። የሰውየው ሕይወት ግማሹ ብቻ ሲነገር ይከነክነኛል።

አበበ የተወለደው ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. በሸዋ፣ ጃቶ በምትባል መንደር ነው። (ቀኑን በእኛ አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ የፈረንጁን ስጠቀም እናገራለሁ።) በዚያው ዕለት በሎስ አንጀለስ ኦሎምፒክ የማራቶን ውድድር ተካሂዷል። አጋጣሚ ነው፤ ትርጉም ልሰጠው አልፈልግም። እናቱ ወይዘሮ ውድነሽ በነበሩ ይባላሉ። ጣሊያን ሲወረን ገና ትንሽ ልጅ ነበር፤ ቤተሰቡም ቀዬውን ለቆ ቆይቶ ተመልሷል። ልጅነቱን ያሳለፈው ከብት በመጠበቅ ነው። ጎበዝ የገና ተጫዋች እንደነበረም ይነገርለታል። ጌታ የማይቆጣበት የሚባለው የገና ጨዋታ ለእኛ ትምህርት የሚሆን ነገር አለው፦ ቆልማማ ዱላ ይዞ ሩሯን ተከትሎ ሜዳውን ሲያካልል የሚውል ልጅ ይሮጣል፣ ይቆማል፣ እንደገና ይሮጣል። ዛሬ ኢንተርቫል ብለን በሰዓት የምንለካውን ልምምድ ማንም ሳያሠለጥነው ይሠራዋል ማለት ነው።

በ1940ዎቹ አጋማሽ አዲስ አበባ መጣና ክቡር ዘበኛ ተቀጠረ። እዚያም በትውልድ ፊንላንዳዊ፣ በዜግነት ስዊድናዊ የሆነው አሠልጣኝ ኦኒ ኒስካነን እጅ ገባ።

የሮሙ ማራቶን የተሮጠው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነው። ቀኑን ልብ በሉልኝ፤ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ነበር። ውድድሩ የተጀመረው ሙቀቱን ለመሸሽ ወደ ማታ ስለነበር መጨረሻው ላይ ጨልሟል፤ በጥንቱ የአፒያ መንገድ ወታደሮች ችቦ ይዘው ያበሩ ነበር። አበበ 11 ቁጥር ለብሶ በባዶ እግሩ ነው የሮጠው። ይህ ነገር አብዛኛውን ጊዜ ጫማ ያጣ ድሃ ተደርጎ ይተረካል፤ እኔ አልስማማበትም። እዚያ ያገኘው ጫማ እግሩን አልተመቸውም፤ በባዶ እግር መሮጥ ደግሞ አገሩ እያለ የተለማመደው ነው። ስለዚህ የሚሻለውን መረጠ። ይህ የችጋር ሳይሆን የባለሙያ ውሳኔ ነው።

ትልቁ ተፎካካሪ የሞሮኮው ራዲ ቤን አብደሰላም ነበር። አበበ 26 ቁጥር ለብሶ ይጠብቀው የነበረው ራዲ 185 ለብሶ መጣ። እናም አበበ አጠገቡ የሚሮጠው ሰው ራሱ ራዲ መሆኑን ሳያውቅ ባለ 26 ቁጥሩን በዓይኑ ሲፈልግ ቆየ ይባላል። መንገዱ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ተዘርፎ በተወሰደው የአክሱም ሐውልት አጠገብ ሁለት ጊዜ ያልፍ ነበር። በሁለተኛው ላይ አበበ አፈተለከ። ራዲን በ25 ሰከንድ ቀድሞ፣ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16.2 ሰከንድ በሆነ የዓለም ምርጥ ሰዓት፣ በቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር ገባ። ከጥቁር አፍሪካ የመጀመሪያው የኦሎምፒክ ወርቅ ባለቤትም ሆነ። ሐውልቱ ግን አገሩ የገባው በ1997 ዓ.ም. ነው፤ አክሱም ላይ ዳግመኛ የቆመውም በ2000 ዓ.ም. ነው።

ከሦስት ወር በኋላ፣ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም.፣ የክቡር ዘበኛው አዛዥ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ መፈንቅለ መንግሥት ሞከሩ። አበበም የዚያው ጦር ባልደረባ ነበርና ለአጭር ጊዜ ታሰረ፤ በሙከራው እጁ ስላልነበረበት ተፈታ። ከዚያ አቴንስ፣ ኦሳካና ኮሺትሰ ላይ አሸነፈ፤ በ1955 ዓ.ም. ቦስተን ላይ አምስተኛ ወጣ።

ቶኪዮ ላይ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. የሠራው ለእኔ ከሮም ይበልጣል። ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካወጣ ገና አምስት ሳምንት ገደማ ቢሆነው ነው። በዚህ ጊዜ ጫማ አድርጎ 2:12:11.2 ሮጠ፤ ይህም አዲስ የዓለም ምርጥ ሰዓት ሆነ። ሁለተኛው ሰው ከአራት ደቂቃ በላይ ዘግይቶ ሲደርስ እሱ ሜዳው መሐል ጂምናስቲክ ይሠራ ነበር። የኦሎምፒክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ በማሸነፍ ከሱ በፊት ማንም አልነበረም። ንጉሠ ነገሥቱም ማዕረጉን ጨምረው ቮልስዋገን መኪና ሰጡት።

ከ1959 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ እግሩን የጉዳት ተከታታይ ያዘው። ሜክሲኮ ሲቲ 2,240 ሜትር ላይ ናት፤ ለደጋ ልጅ ከሮምና ከቶኪዮ ይልቅ የምትመቸው እሷ ነበረች። ምን ያደርጋል፣ ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ሮጦ አቋረጠ። ወርቁን ጓደኛው ማሞ ወልዴ ወሰደው።

መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ሌሊት በቮልስዋገኑ ሲጓዝ መኪናዋ ተገለበጠች። አከርካሪው ተጎዳ። መጀመሪያ ላይ እጁም አይታዘዝለትም ነበር። ወደ እንግሊዝ ስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል ተወስዶ ለስምንት ወር ያህል ታከመ፤ እጆቹ ዳኑ፣ እግሮቹ አልዳኑም።

ስቶክ ማንዴቪል ተራ ሆስፒታል አልነበረም። ዶክተር ሉድቪግ ጉትማን አከርካሪያቸው የተጎዳ ሰዎችን በስፖርት ማከም የጀመሩበት ነው። ፓራሊምፒክ የተወለደውም ከዚያ ነው፤ የመጀመሪያው ፓራሊምፒክ ተብሎ የሚቆጠረው ውድድር የተካሄደው ደግሞ በሮም፣ አበበ በባዶ እግሩ ካሸነፈ ከስምንት ቀን በኋላ ጀምሮ ነበር። ሐምሌ 1962 ዓ.ም. ላይ አበበ በተሽከርካሪ ወንበር ሆኖ በስቶክ ማንዴቪል ጨዋታዎች በቀስት ውርወራና በጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳደረ። በሚያዝያ 1963 ዓ.ም. ኖርዌይ ሄዶ በበረዶ ላይ ጋሪ የ25 ኪሎ ሜትር ውድድር አሸነፈ። በረዶ ላይ! እንግዲህ ሰው ሁሉ የአበበን ድል ሲቆጥር ሁለት ብሎ የሚያቆመው ለምንድን ነው? ክፍላችን ስለ አካል ጉዳተኞች ስፖርት ሲያስተምር ምሳሌ ከውጭ አገር ይፈልጋል፤ ይህን ያህል ቅርብ ምሳሌ እያለ።

በሙኒክ ኦሎምፒክ የክብር እንግዳ ሆኖ ሲገባ ስታዲየሙ ቆሞ አጨበጨበለት። ማራቶኑ የተሮጠው ጳጉሜን 5 ቀን 1964 ዓ.ም. ነው፤ ከሮም በኋላ ልክ በ12 ዓመቱ፣ እንደገና በእንቁጣጣሽ ዋዜማ። ያሸነፈው አሜሪካዊ ፍራንክ ሾርተር ሜዳሊያውን ከተቀበለ በኋላ ወደ አበበ ወንበር ሄዶ እጁን ጨበጠው። ማሞ ሦስተኛ ወጥቷል።

አበበ ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. ከአደጋው ጋር በተያያዘ በአንጎል ውስጥ ደም መፍሰስ አረፈ። ዕድሜው 41 ነበር። በአዲስ አበባ ቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን ሲቀበር 65,000 የሚገመት ሕዝብ ወጥቶ ሸኝቶታል፤ ንጉሠ ነገሥቱም ከቀባሪዎቹ መካከል ነበሩ።