ፀሐይን የከለለው ሊቅ

ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ጨረቃ ፀሐይን ስትጋርድ፣ በላሊበላ ሰማይ የእሳት ቀለበት ታይቶ ነበር። ታዲያ ያቺ ቀጭን ቀለበት እንኳ የፀሐይን ደብዛዛ አክሊል፣ ኮሮናን፣ እንዳናይ አድርጋናለች። እንግዲህ ይህን ችግር ያሸነፈውን ሰው እናስታውስ።

በርናርድ ሊዮ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1897 ፓሪስ ተወለደ። አባቱ ገና በልጅነቱ ሞቱበት። በዚያ ዘመን ኮሮናን ለማየት ሙሉ ግርዶሽ መጠበቅ ግድ ነበር፤ እሱም ለጥቂት ደቂቃ ነው። ሊዮ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? በ1930 ፒክ ዱ ሚዲ ተራራ ላይ ወጥቶ፣ በቴሌስኮፑ ውስጥ ትንሽ ክብ ጋሬጣ አስገባ። ሌንሱንም ከአቧራ አጸዳ። ኮሮናንም ያለ ግርዶሽ አየ!

በ1952 ግርዶሽ ለማየት ካርቱም ሄደ። ሲመለስ ካይሮ አጠገብ፣ ባቡር ላይ፣ በ55 ዓመቱ ልቡ ቆመ።

ሐሳቡ ግን አልሞተም። ዛሬ የሩቅ ኮከብን ብርሃን በዚሁ ዘዴ እየከለሉ ፕላኔቶችን ያያሉ። በ1978 ደግሞ ብሬስዌል የተባለ ሊቅ ሌላ መንገድ አሳየ፤ በሁለት ቴሌስኮፖች የገባው የኮከቡ ኢንፍራሬድ ሞገድ፣ የአንዱ ሲወጣ የሌላው እየወረደ እንዲጣፋ ማድረግ ነው። በጎን ያለችው ፕላኔት ትቀራለች።

እኛም ነገ ክፍል ስንገባ፣ ቀድመው እጃቸውን የሚያወጡት ዓይናችንን ሞልተውት ከኋላ ዝም ያለውን ልጅ እንዳንረሳ።