ማርካንቶኒዮ ራይሞንዲ፤ ሥዕልን በመዳብ ያባዛው ሰው

በአዲስ ከተማ፣ በመርካቶ የቤት ጌጥ ከሚሸጥባቸው መደብሮች ተገዝቶ በሳሎን ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ሥዕል፣ ከጥቂቱ በቀር፣ ቅጂ ነው። ሠዓሊ አንድ ጊዜ የደከመበትን ማተሚያ ሺህ ጊዜ ይደግመዋል። ከአዲሶቹ የማባዣ ዘዴዎች አንዱ በአሉሚኒየም ገበታ ላይ የሚደረገው ኅትመት ነው፤ ቀለሙ በመጀመሪያ በማስተላለፊያ ወረቀት ላይ ይታተምና፣ ወደ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚጠጋ ሙቀት ሲጫኑት ወደ ተን ተለውጦ ገበታው በተቀባው የፕላስቲክ ሽፋን ውስጥ ይሰርጋል። በዓለም ገበያ በዚህ መንገድ ከሚባዙት ሥዕሎች መካከል የግሪክና የሮማ አፈ ታሪክ ሥዕሎች ይገኙባቸዋል፤ ቬነስ ከባሕር ስትወጣ፣ ፓሪስ በሦስቱ ሴቶች አማልክት መካከል ሲፈርድ፣ ፔርሲዩስ አንድሮሜዳን ከባሕሩ አውሬ ሲያድን የሚያሳዩት ናቸው። (አንድሮሜዳ በግሪኮች ተረት የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ መሆኗን፣ ከኤውሮጳ ሠዓሊዎች አብዛኞቹ ግን ነጭ አድርገው እንደ ሣሏት በዚህ አጋጣሚ ማስታወስ ይገባል።)

ብረትንና የአማልክትን ሥዕል ያገናኘው ንግድ ግን አዲስ አይደለም። ከ500 ዓመታት በፊት ገበታው ሥዕል የሚታተምበት ሳይሆን ሥዕል የሚያትም ነበር፤ ንግዱንም ከማንም ይልቅ መልክ ያስያዘው የቦሎኛው ተወላጅ ማርካንቶኒዮ ራይሞንዲ ነው። የዚህን ሰው ሕይወት ለማኅበራችን አባላት ለማቅረብ የተፈለገው ስለ ሥነ ጥበብ ታሪክ ብቻ አይደለም። አንዱ የነደፈውን ሌላው ሲሠራው ምስጋናውና ተጠያቂነቱ የማን ነው የሚለው ጥያቄ፣ በንድፍና በማኅተም ለሚተዳደር መሐንዲስ የዕለት ተዕለት ጥያቄ በመሆኑም ጭምር ነው። ከዚህ በታች የተመለከቱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

ማርካንቶኒዮ በ1480 ግድም በቦሎኛ አካባቢ ተወለደ። ያሠለጠነው ፍራንቼስኮ ፍራንቻ ሠዓሊም ወርቅ አንጥረኛም ነበረ። ይህ ያለ ምክንያት አልሆነም፤ የኤውሮጳ መዳብ ቀራፂዎች ጥበባቸውን የወረሱት ከወርቅ አንጥረኞች ነው። የእኛ አገር አንጥረኛ በመስቀል ላይ ሐረግ ሲያወጣ ያየ ሰው ሥራውን በቀላሉ ይገምተዋል። ጣሊያኖች ቡሊኖ የሚሉት ጫፉ የሾለ የብረት መቅረጫ በመዳፍ እየተገፋ በለዘበ የመዳብ ገበታ ላይ ቦይ ያወጣል። ቀለም በገበታው ላይ ይለቀለቅና ፊቱ ሲጠረግ በቦዮቹ ውስጥ ብቻ ይቀራል። ከዚያ በኋላ እርጥብ ወረቀት ተነጥፎበት በሁለት ድብልብል መዳመጫዎች መካከል በኃይል ያልፋል፤ ወረቀቱም በግፊቱ ወደ ቦዩ ገብቶ ቀለሙን ይዞ ይወጣል። ጥላና ብርሃን የሚለዩት በመስመሮቹ ውፍረትና መቀራረብ ነው። መዳብ ለስላሳ ስለ ሆነ ገበታው እየታተመ በሄደ መጠን ይደክማል፤ ስለዚህም የመጀመሪያዎቹ ቅጂዎች ከኋለኞቹ ይልቅ ይፈለጋሉ።

ከሥራዎቹ መካከል ዓመት የተጻፈበት የመጀመሪያው፣ የፒራሙስንና የቲዝቤን አሳዛኝ የፍቅር ተረት የሚያሳየው የ1505 ገበታ ነው። ከዚያ ጥቂት ቆይቶ ወደ ቬኒስ ሄደ። በዚያም የጀርመናዊውን የአልብሬክት ዱረርን፣ በእንጨት ተቀርጾ የታተመ የእመቤታችን ሕይወት ሥዕል ተከታታይ አግኝቶ 17ቱን በመዳብ ላይ ቀዳቸው። መቅዳቱ ብቻ አልበቃውም፤ ዱረር ሥራውን የሚያውቅበትን የሁለት ፊደል ምልክት ሳይቀር ቀረፀ። የሠዓሊዎቹን ታሪክ የጻፈው ጆርጆ ቫዛሪ እንደሚተርከው፣ ዱረር ለቬኒስ መንግሥት አቤት ብሎ ያገኘው ፍርድ ማርካንቶኒዮ ከእንግዲህ ምልክቱን እንዳይጠቀም የሚከለክል ብቻ ነበር፤ ሥዕሉን መቅዳት አልተከለከለም። የአተራረኩን ዝርዝር የሚጠራጠሩ ሊቃውንት አሉ። ፍርዱ ግን ለዘመኑ አስተሳሰብ እንግዳ አይደለም፤ ንድፍ የማንም፣ ስም ግን የባለቤቱ ተደርጎ ይታይ ነበርና። ዛሬ በአገራችን በ2004 የወጣው የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410 ለሥዕልም ለሕንፃ ንድፍም ጥበቃ ይሰጣል፤ የኢኮኖሚ መብቱም በመደበኛው አመንጪው በሕይወት እስካለና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይዘልቃል። የጥንቶቹ ሠዓሊዎች ሥራዎች ጊዜያቸው ካለፈ ብዙ መቶ ዓመት ስለ ሆነ፣ ነጋዴዎች እነርሱን መምረጣቸው ከውበታቸው ሌላ በዚህም ምክንያት ሳይሆን አይቀርም።

በ1510 አካባቢ ማርካንቶኒዮ ሮማ ገባ፤ የሕይወቱ ዋና ምዕራፍም እዚያ ተከፈተ። ራፋኤል የዚህን ሰው እጅ ሲያይ እንደ ዱረር አልተቆጣም፤ ይልቁንም አብሮት እንዲሠራ አደረገው። ራፋኤል ንድፉን ያቀርባል፣ ማርካንቶኒዮ ይቀርፃል፣ ባቪዬራ የተባለው የራፋኤል ረዳት ደግሞ ገበታዎቹን ይይዝና ኅትመቱን ይመራል። በዛሬ አነጋገር ነዳፊ፣ አምራችና ሥራ አስኪያጅ ያሉት ድርጅት ነበር። የፓሪስ ፍርድ የተባለው ታላቅ ሥራ የተገኘው ከዚህ ማኅበር ነው፤ ራፋኤል ይህን በሸራም በግድግዳም ላይ አልሣለውም፣ ንድፉን ያወጣው ለመዳቡ ነው። ስለዚህ ማርካንቶኒዮን ተራ ገልባጭ የሚሉት ሰዎች፣ በዚህ ጸሐፊ አስተያየት፣ ጉዳዩን አልመረመሩም። ቀለም የሌለውን ነገር በመስመር ብቻ ሥጋና ብርሃን ማልበስ የራሱ ፈጠራ ነው። ከእርሱ ሥር አጎስቲኖ ቬኔዚያኖንና ማርኮ ዴንቴን የመሳሰሉ ቀራፂዎች ወጡ።

ራፋኤል በ1520 ሞተ፤ ማርካንቶኒዮም ከደቀ መዝሙሩ ከጁሊዮ ሮማኖ ጋር መሥራት ቀጠለ። በ1524 ጁሊዮ የነደፋቸውን፣ ለጨዋ ዐይን የማይቀርቡ 16 ሥዕሎች ቀርፆ አሳተመ። ጳጳሱ ቀሌምንጦስ 7ኛ ተቆጥተው ኅትመቶቹ እንዲጠፉ አዘዙ፤ ቀራፂውንም ወደ ወኅኒ አወረዱት። ነዳፊው ጁሊዮ ግን በዚያው ዓመት ወደ ማንቱዋ ሄዶ በመስፍኑ ቤት በክብር ተቀመጠ። ቅጣቱ በንድፉ ባለቤት ላይ ሳይሆን ብዙ አድርጎ ባወጣው ላይ መውደቁ ልብ ሊባል ይገባል፤ አንድ ሥዕል በአንድ ክፍል ተዘግቶ ሲቀመጥ ያላስደነገጣቸው ሹማምንት፣ በወረቀት ተባዝቶ በየገበያው ሲዞር ደነገጡ።

ቀራፂው ባቾ ባንዲኔሊ አማልዶ አስፈታው። እርሱም ውለታውን የመለሰው የባንዲኔሊን የቅዱስ ሎሬንስ ሰማዕትነት በመዳብ በመቅረፅ ነው። ቫዛሪ እንደሚነግረን ባንዲኔሊ ሥራው ሳይፈጸም ማርካንቶኒዮ ንድፌን አበላሸ ብሎ ለጳጳሱ ከሰሰው፤ ጳጳሱም ንድፉንና ገበታውን አስቀርበው ቢያመሳክሩ፣ ቀራፂው ያደረገው ማበላሸት ሳይሆን የንድፉን ስሕተት ማረም ሆኖ ተገኘ። በግንባታ ቦታ የቆመ መሐንዲስ ይህን ታሪክ ያለ ፈገግታ ማንበብ አይቻለውም።

በ1527 የንጉሠ ነገሥት ካርሎስ 5ኛ ወታደሮች ሮማን ዘረፉ። ማርካንቶኒዮ በእጃቸው ወድቆ ለነፍሱ ቤዛ ያለውን ሁሉ ከፈለ፤ ባዶ እጁን ወደ ቦሎኛ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ይህ ነው የሚባል ሥራ አልተገኘለትም። በ1534 ሞቶ እንደ ነበረ የዚያው ዓመት ጽሑፍ ያመለክታል።

ሥራው ግን ከእርሱ ብዙ ርቆ ሄደ። በ1863 ፈረንሳዊው ኤድዋር ማኔ ፓሪስን ያስደነገጠውን በሣር ላይ የተደረገ ምሳ የተሰኘ ሥዕል ሲሠራ፣ የሦስቱን ሰዎች አቀማመጥ የወሰደው ከፓሪስ ፍርድ ኅትመት ጥግ ነው። በመዳብ የማባዛቱ ጥበብ በሰሜን በአንትወርፕ ከተማ ተስፋፍቶ፣ በ1593 ጄሮኒሞ ናዳል ያዘጋጀው የወንጌል ሥዕሎች መጽሐፍ እዚያ ታተመ። ኢየሱሳውያን ወደ ኢትዮጵያ ካመጧቸው ኅትመቶች አንዱ ይህ ነበር። የጎንደር ዘመን ሠዓሊዎቻችንም ከመዳብ የወጣውን ጥቁርና ነጭ መስመር ተመልክተው፣ ቀለሙን ከየትም ሊያዩት ስላልቻሉ፣ ከራሳቸው ቀይና ቢጫ አለበሱት።