ዑመር ወላስማ፥ የኢፋት ሥርወ መንግሥት መሥራች

ስለ ሮማና ስለ ግብፅ ነገሥታት ብዙ ተምረናል። ከከሚሴ ወደ ደቡብ በሚወስደው መንገድ አጠገብ ስለ ነበረው ጥንታዊ መንግሥት ግን የምናውቀው ጥቂት ነው። ስለዚህ የኢፋትን የወላስማ ሥርወ መንግሥት የመሠረቱትን የዑመር ወላስማን የሕይወት ታሪክ በአጭሩ ለመጻፍ ተነሥቻለሁ። ዘመናቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ዑመር በ13ኛው መቶ ዓመት የኖሩ ሰው ናቸው። በ1442 የሞተው የግብፅ ታሪክ ጸሐፊ አል መቅሪዚ እንደሚተርከው፥ ወገኖቻቸው ከዐረብ አገር ባሕር ተሻግረው በዘይላ አቅጣጫ በጀበርቲ ምድር የሰፈሩ ነበሩ፤ ዘራቸውም ከቁረይሽ ነገድ እንደሚቈጠር ይነገራል። በኢፋት ላይ የሾሟቸው የደጋው ክርስቲያን ንጉሥ ናቸው። ይህ ነገር በጣም ያስደንቃል፤ ከነገሥታቱ ጋር ለብዙ ዘመን የተዋጋው የወላስማ ቤት ሥራውን የጀመረው በንጉሥ ሹመት ነውና።

በዚያ ዘመን አገሩ በታላቅ ለውጥ ላይ ነበር። በ1270 ዐፄ ይኩኖ አምላክ ነገሡ። በምሥራቅ ሸዋ በኩል ደግሞ የመኽዙሚ ሱልጣኖች መንግሥት በቤተ ዘመድ ጠብ ደክሞ ነበር። በ1285 የወላስማ ቤት ይህን መንግሥት ገልብጦ በቦታው ተተካ፤ በሚቀጥሉትም ዓመታት አዳልንና ሞራን የመሳሰሉ ጎረቤት አገሮችን አስገበረ። ዑመር ረዥም ዘመን ገዝተው ሲሞቱ፥ ከልጆቻቸው አንዳንዶቹ ተራ በተራ ሥልጣኑን ያዙ።

የኢፋት ኃይል ምንጩ ምን ነበር? እኔ እንደማስበው፥ ከሰይፉ ይልቅ አቀማመጡ ነው። ኢፋት በደጋውና በዘይላ ወደብ መካከል ያለውን መንገድ ይዞ ነበር። በ1349 የሞተው አል ዑመሪ፥ የኢፋት ጦር 15,000 ፈረሰኛና ከ20,000 በላይ እግረኛ እንደ ነበረው ጽፏል። የምድሪቱን ፍሬ ሲዘረዝርም ስንዴን፥ ማሽላንና ጤፍን ያነሣል፤ ስለ ጫትም ያወራል። ከዚህ የሚበዛውን ዛሬም በየማሳችን የምናየው ነው።

ከዑመር በኋላ ብዙ ነገር ተለወጠ። በ1332 ዐፄ ዓምደ ጽዮን የኢፋቱን ሰብረዲንን ድል አደረጉ። ቆየት ብሎም የዑመር ዘሮች ኢፋትን ትተው ወደ ምሥራቅ ሄዱ፤ ሰዕደዲን በዘይላ ከተገደሉ በኋላም ልጆቻቸው የአዳልን መንግሥት አቋቋሙ። በ16ኛው መቶ ዓመት ኦሮሞዎች ወደ ወሎ መጥተው ሰፈሩ፤ ስለዚህ ዛሬ በከሚሴ፥ በጨፋና በባቲ የሚሰማው ቋንቋ አብዛኛውን ኦሮምኛ ነው። የኢፋት ከተሞችም ፈረሱ። ከሸዋ ሮቢት በማይርቀው ተዳፋት፥ በኖራ የድንጋይ መስጊድ ፍርስራሽ ይታያል፤ አርኪዮሎጂስቶችም የወላስማ ሱልጣኖችን መቃብር በዐረብኛ ከተቀረጹት ጽሑፎች ለይተው ዐውቀዋል።

ዳሩ ግን ሁሉ አልጠፋም። እስልምና ጸንቶ ኖሯል። አርጎባዎችም በዚያው ተዳፋት ላይ አሉ። ሰኞ በባቲ፥ እሑድ በሰንበቴ ገበያ አፋሩ፥ ኦሮሞው፥ አርጎባውና አማራው ይገናኛሉ፤ የቆላው ግመልና የደጋው እህል ገዢ ያገኛል። ከሁሉ ይልቅ የሚገርመኝ የስሙ ነገር ነው። ከ1813 እስከ 1847 በነገሡት በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፥ የኢፋት ቆላ ገዥ ወላስማ ተብሎ ይጠራ ነበር። የአንድ ቤት ስም ከ500 ዓመት በኋላ የሹመት ስም ሆነ ማለት ነው። ነገሥታት ቢለዋወጡም ደጋና ቆላን የሚያገናኝ ሰው ማስፈለጉ አልቀረምና።

አንዳንድ ጓደኞቼ ዑመር በቋንቋችን ስላልተናገሩ ታሪካቸው አይመለከተንም ይላሉ። እኔ ግን በዚህ አልስማማም። ታሪክ በአባት እንደሚወረስ ሁሉ በምድርም ይወረሳል። ያረሱትን የምናርስ፥ የሄዱበትን መንገድ የምንሄድ እኛ ነን። በ2021 በአካባቢያችን በተነሣው ጦርነት ያ መንገድ በተዘጋ ጊዜ፥ ችግሩ የአንዱን ወገን ቤት ከሌላው ሳይለይ ሁሉንም እንደ ነካ ወላጆቻችን ያውቃሉ።

እንግዲህ ወንድሞቼና እኅቶቼ ተማሪዎች፥ ከዑመር ወላስማ ሕይወት የምንማረው ይህን ነው፤ መንግሥት ያልፋል፥ ቋንቋም ይለወጣል፤ ጎረቤትና ገበያ ግን ይኖራሉ። እነዚህን መጠበቅ የትውልዳችን ሥራ ነው።